የብዝኀ ሕይወት ክበብ፦ የነፍሳት ሳጥኖቻችንን ከተባይ የተከላከልንበት ዓመት

ክበባችን ከቀደሙት አባላት የወረሳቸው ሳጥኖች አሉ። የድሬዳዋና የአካባቢዋ ቢራቢሮዎች፣ ጥንዚዛዎችና ፌንጣዎች በስፒል ተሰክተው ተደርድረውባቸዋል። ችግኝ ተከላውም ሆነ የወላጆች ቀን ዝግጅቱ እንደ ወትሮው ተከናውኗል፤ ልባችን ያረፈው ግን እነዚህ ሳጥኖች ላይ ነበር።

አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከአንድ ቢራቢሮ ሥር ቡናማ ዱቄት አየች። በማጉያ መነጽር ሲታይ በዱቄቱ መሃል ጠጉራም የሆኑ የእጭ ግፋፊዎች ነበሩበት። የቢራቢሮው ክንፍ እንዳለ ነው፤ ሆዱ ግን ከውስጥ ተበልቶ ቀፎ ቀርቷል። ይህን የሚያደርገው የሙዚየም ጥንዚዛ ነው፤ ርዝመቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ደረቅ ናሙና የሚበላው እጩ ሲሆን ያደገው ጥንዚዛ የአበባ ዱቄት ይመገባል፤ ብርሃንም ይስበዋል። ስለዚህ ልጆቹ በየሳምንቱ የመስኮቱን ደፍ መፈተሽ ጀመሩ። እዚያ ጥንዚዛ ከተገኘ ሳጥኖቹ ሁሉ ይታያሉ።

ናፍታሊን የተባለውን የብል ማባረሪያ እናስቀምጥ ያሉ ነበሩ። እኔ አልተስማማሁም። በእኛ ከተማ ሙቀት ቶሎ ይተናል፤ ትነቱም የተወሰነ የኢንዛይም እጥረት ያለባቸውን ሰዎች ቀይ የደም ሕዋስ ሊሰብር ይችላል። ልጆች በሚማሩበት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መኖር የለበትም።

ብርድ ግን መርዝ የለውም። አንዲት ወላጅ ለስላሳ ይሸጡበት የነበረውን ፍሪዘር አዋሱን፤ እናመሰግናቸዋለን። ሳጥኖቹን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልለን፣ በፕላስተር አሽገን፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለ2 ሳምንት አቆየናቸው። መብራት በሄደ ቁጥር ተረኛው ቴርሞሜትሩን ያያል፤ ብርዱ ከላላ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ሲወጡም ላስቲኩ ለአንድ ቀን አይፈታም፤ አለዚያ ጤዛው ክንፉ ላይ ያርፋል።

ሐረር ሄደን በጀጎል የሸሪፍን ሙዚየም ስንጎበኝ ተማሪዎቹ ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎቹ ፊት ብዙ ቆሙ። የእነዚህ ጥንዚዛዎች ወገን ቆዳና ሱፍም እንደሚበላ ስለሚያውቁ፣ የቆዳ ጥራዝ የሚያዩበት ዓይን ተለውጧል። ከጉብኝቱ ያገኘሁት ትልቁ ደስታ ይህ ነው።

ለከርሞ የሚያስፈልገን ክዳኑ ጥብቅ አድርጎ የሚገጥም ሳጥን ነው፤ የእንጨት ሥራ የሚችሉ ወላጆች ቢረዱን ደስ ይለናል። አዲስ የሚመጣ ናሙና ሁሉ መጀመሪያ ፍሪዘር ይገባል። የአባልነት ምዝገባ በመስከረም በቤተ ሙከራው ይካሄዳል።