የምስክሮች ቃል መለያየትና የችሎት ድራማዎቻችን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የድብደባ ክስ የሚታይበት የችሎት ድራማ በተመለከትኩ ቁጥር የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። ሁለት ምስክሮች የተለያየ ቃል ሲሰጡ ጠበቃው ይጮኻል፣ አንደኛው ምስክር በሕዝብ ፊት ውሸታም ይባላል፣ መዝገቡም በዚያው ይዘጋል። ለ19 ዓመታት በወንጀል ጉዳዮች ጥብቅና የቆምኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ይህ አቀራረብ ምስክርነትን የሚያስፈራ ነገር እያደረገብን ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 137 የመስቀለኛ ጥያቄን፣ ማለትም ተቃራኒው ወገን ለምስክሩ የሚያቀርበውን ጥያቄ፣ ዓላማ ሲገልጽ፣ ምስክሩን ያቆመው ወገን ባቀረበው ዋና ጥያቄ ከተሰጠው መልስ ውስጥ ስህተት የሆነውን፣ አጠራጣሪ የሆነውን ወይም እውነት ያልሆነውን ለፍርድ ቤቱ ማሳየት ነው ይላል። ሕጉ ሦስቱን ለያይቶ ጠርቷቸዋል፤ ድራማዎቻችን ግን የሚያውቁት ሦስተኛውን ብቻ ነው።

ተከሳሹን ወክዬ የተከራከርኩበት አንድ ጉዳይ ከአእምሮዬ አይጠፋም። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ተከራዮች ተጣልተው አንደኛው ግንባሩ ተፈነከተ። በረንዳ ላይ ቡና ይቆሉ የነበሩ እናት «በዘነዘና መታው» ብለው ለፖሊስም ለችሎቱም ቃላቸውን ሰጡ፤ በር ላይ የነበረው ወጣት ግን «ገፈተረውና ደረጃው ላይ ወደቀ» አለ። የሕክምና ማስረጃው ቁስሉ ስለት በሌለው ነገር የደረሰ መሆኑን ብቻ ስለሚገልጽ ለደረጃውም ለዘነዘናውም ይስማማ ነበር። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አልነበረም፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 556 መሠረት ጉዳት ማድረስ በሚችል መሣሪያ መጠቀም ቅጣቱን ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት እስራት ያደርሰዋል።

«እናቴ፣ ሲመታው በዓይንዎ አይተዋል ወይስ ድምፅ ሰምተው ነው የዞሩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ድምፁን ሰምቼ ነው የዞርኩት። ስዞር ሰውየው መሬት ላይ ነው፣ ዘነዘናው በልጁ እጅ ነው» አሉ፤ ልጁ ያሉት ተከሳሹን ነው። ያላዩትን አንዲት ቅጽበት ባዩት ሞልተውት ነበር፤ ይህን ደግሞ ማናችንም እናደርገዋለን።

ችሎቱ ቃላቸውን ሙሉ በሙሉ አልጣለውም፤ በዓይናቸው ያዩትን ተቀብሎ የገመቱትን ተወው፤ ተከሳሹንም መሣሪያ ባልተጠቀመበት ቀላል ጉዳት ጥፋተኛ ብሎ ቀጣው። እኚያ እናት ግን ከችሎት ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ ዋሸሁ እንዴ?» አሉኝ። እንዳልዋሹ ደጋግሜ ብነግራቸውም ፊታቸው አልፈታ አለ፤ ጎረቤት ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት ይዟቸው ነበር።

የድራማ ደራሲያንና አዘጋጆች በሙሉ፣ ወንጀል ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነውና አንድ ጠዋት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው መስቀለኛ ጥያቄ በእርጋታ ሲጠየቅ እንዲያዳምጡ፣ በሚቀጥለው ሥራቸውም የተሳሳተ እንጂ ያልዋሸ አንድ ምስክር እንዲያሳዩን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የወንጀል ጉዳይ ጠበቃ፣ ከአዲስ አበባ