ሽቦውን ነቅለሽ አንብቢው

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ወንድምሽ ትናንት ካንቺ ቤት ሲመለስ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። «ቤቱን የአሮጌ ዕቃ ሙዚየም አድርጋዋለች» አለኝ እየሳቀ። ሽቦው በጨርቅ የተሸፈነ የድሮ የገና መብራት ሰክተሽ፣ ልጁ ሥሩ ሲድህ እንደነበር ሲጨምርልኝ ግን ሳቁ ከየት ይምጣልኝ? አሁኑኑ ንቀይው። ደብዳቤውን ሳትጨርሺ ተነሽና ንቀይው።

ነቀልሽ? እሺ፣ አሁን እናውራ።

መሰብሰብሽን አልጠላሁም። ከማን ወረስሽው? ጥንዷ የጠፋባትን የጨው መነስነሻ ዶሮ ሃያ ዓመት መደርደሪያ ላይ ያቆምኩ እኔው አይደለሁ? ግን አንዳንዱ ዕቃ ለዓይን ብቻ ነው። የሽቦው ሽፋን ከዕድሜ ብዛት ይደርቃል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ መዳቡ ተገልጦ ሲነካካ ኮንታክት ነው። ይባስ ብሎ የጠመጠምሽው የአሉሚኒየም ዛፍ ላይ ነው አሉ! ያ ዛፍ እኮ ብረት ነው፤ አንዱ ሽቦ ከተላጠ ዛፉ ሁሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ለዚህ ነው ዱሮም ቀለም እየቀያየረ የሚሽከረከር መብራት ወለል ላይ አቁመው ከሩቅ ያበሩለት የነበረው። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ወይ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ሰጥተሽ ሽቦውን አስቀይሪ፣ ወይ ሳትሰኪው ዝም ብለሽ ስቀይው።

ያ አረፋ የሚያወጣው፣ ሻማ የሚመስለው መብራትም ውስጡ ውሃ እንዳይመስልሽ። ሜቲሊን ክሎራይድ የሚባል ኬሚካል ነው፤ 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ነው የአምፖሉ ሙቀት ብቻ የሚበቃው። መስታወቱ ቢሰበር ልጁ እጁን ሊነክርበት ነው? ዛፉ ላይ የሚንጠለጠለውን ብር የሚመስል የሚያብረቀርቅ ክር ደግሞ ሰብስበሽ ከልጁ አርቂው፤ የዱሮው እርሳስ ከሚባለው መርዛማ ብረት የተሠራ ነው፣ አሜሪካ እንኳ ያንን መሥራት ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ይህ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ እንደሚከት ታውቂያለሽ፤ በዚህስ አንቺን ነው የመሰለው።

የአያትሽን የመስታወት ኳሶች ነገር ግማሹን ነው የምታውቂው። ቤት ስንቀይር ተበላሹ ብያችሁ ነበር። ዋሽቻችኋለሁ።

እናቴ ታማ ተኝታ ነበር። ለበዓሉ ስትነሳ ደስ ይበላት ብዬ ሣጥኑን አወጣሁና ኳሶቹን ለብ ባለ ውሃ በሳሙና አጠብኳቸው። የእነዚያ ኳሶች ብር የሚቀባው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ ያለው ስስ ቀለም ግን ውሃ አይችልም። እኔ ምን አውቄ? ቀዩ በጣቶቼ መሃል ሲወርድ ቆሻሻ መስሎኝ የበለጠ ፈተግሁት። አሥራ አንዱ እንደዚያ አለቁ። እናቴ አንዱን አንስታ ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው፣ ቆይታም «ንጹህ ሆነዋል» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሣጥኑ አንስታ አታውቅም። ይቅርታ ልላት በምን እንደምጀምር ሳሰላስል እሷ አረፈች።

ስለዚህ እንዳታጥቢ። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል፣ ያውም ቀለሙ መላጥ ባልጀመረበት በኩል። ሣጥኑንም ጣሪያ ሥር አትስቀይው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ብሩ ይጠቁራል። በጨለማ ያበራ የነበረውን የጠረጴዛ ሰዓት ደግሞ ሊጠገን ብለሽ እንዳትከፍቺው። ራዲየም የሚባል አደገኛ ጨረር የሚያወጣ ነገር የተቀባ ከሆነ ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ አለ።

ከሣጥኑ የተረፈችው አሥራ ሁለተኛዋ ጌጥ የመስታወት ወፍ ናት። እሷ ጋ ሳልደርስ ነው የነቃሁት። ጭራዋ ከመስታወት ክር የተሠራ ነው፣ ግማሹ ረግፏል፤ ቅርንጫፍ የሚነክሰው መቆንጠጫዋ ግን አሁንም ይይዛል። በጥጥ ጠቅልዬ ለወንድምሽ ሰጥቼዋለሁ፣ ቅዳሜ ያመጣልሻል። ልጁ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጊያት። መብራቱ ተሰክቶ ካገኘው ግን ወፏን ይዞ እንዲመለስ ነግሬዋለሁ።

እናትሽ