«7» ብሎ ለጻፈው ልጅ ምን ትይዋለሽ?

ቡራዩ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ «ከቱሉ ዲምቱ ቡራዩ የሚያመጣ ታክሲ ጠፋ እንዴ?» እያለች ነው። ምን ማለቷ እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ።

በቴሌግራም የላክሽልኝን የፈተና ወረቀት አየሁት። 1፣ 2፣ 4፣ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ስንት ነው? ይላል ጥያቄው። አንቺ 8 ጠብቀሽ ልጁ 7 ጻፈ። ኤክስ ስታደርጊበት «ቲቸር፣ የኔም ልክ ነው» ብሎ ድርቅ አለብሽ። አሁን ምን ልበለው ነው የምትይኝ።

ልክ ነህ በዪው! አንቺ እያንዳንዱን ቁጥር እጥፍ እያደረግሽ ሄድሽ። እሱ መጀመሪያ 1 ጨመረ፣ ቀጥሎ 2፣ ከዚያ 3። ሁለታችሁም ሕግ አላችሁ፣ ሁለታችሁም ሕጋችሁን አላፈረሳችሁም። ሦስት ቁጥር ብቻ ሰጥቶ አንድ መልስ መጠበቅ ነው ችግሩ። ማርኩን መልሺለት፣ ደግሞም በልጆቹ ፊት ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ያስረዳ። ከዛሬ ጀምሮ ከእያንዳንዱ ባዶ ቦታ ሥር «እንዴት አወቅህ?» የሚል መስመር ጨምሪበት። ለማረም ጊዜ ይፈጃል፣ አውቃለሁ። ግን ከጎኑ የኮረጀውን ልጅም ያጋልጥልሻል።

ሌላው ነገር፣ «ቀጥሎ የሚመጣው» ላይ አትቁሚ። 3፣ 7፣ 11፣ 15 ብለሽ ስትሰጪያቸው ሁሉም 4 ጨምሮ 19 ይልሻል። አሁን 20ኛው ስንት ነው ብለሽ ጠይቂ። ገሚሱ እየደመረ 20ውንም ይጽፋል፤ ተይው ይጻፍ። እጁ ሲደክመው አቋራጭ መፈለግ ይጀምራል። ያኔ ከሥሩ 4፣ 8፣ 12፣ 16 ብለሽ የአራትን ማባዣ ጻፊና ዝም በዪ። አንዷ «ሁሉም በአንድ ያንሳል!» ብላ ትጮኻለች። 20 ጊዜ 4፣ 80፤ ሲቀነስ 1፣ 79። አንቺ ቀድመሽ ከነገርሻት ግን ደብተሯ ላይ ገልብጣ ትቀመጣለች።

ዕቃ የለንም ያልሽው አልገባኝም። ከሱቅ በር ላይ ቆርኪ አስለቅሚያቸው። አንድ ቆርኪ ያስቀምጡ። ከዚያ በቀኙ፣ በሥሩና በማዕዘኑ 3 ይጨምሩ፤ 4 ሆነ፣ አራት ማዕዘን ወጣው። እንደዚሁ በቀኙ፣ በሥሩና በማዕዘኑ 5 ሲጨምሩ 9፣ 7 ሲጨምሩ 16። የጎዶሎ ቁጥሮች ድምር ለምን 1፣ 4፣ 9፣ 16 እያለ እንደሚሄድ መሬት ላይ ተዘርግቶ ያዩታል። የመጀመሪያዎቹ 10 ጎዶሎ ቁጥሮች ድምር 100 ነው ስትያቸው በየጎኑ 10 ቆርኪ ያለው አራት ማዕዘን ዓይናቸው ላይ ይመጣል። ደብተራቸው ጀርባ ላይ ያለው የማባዣ ሰንጠረዥም አለልሽ። የዘጠኝን ዓምድ አሳዪያቸው፦ 09፣ 18፣ 27፣ 36። የአሥር ቤቱ ይወጣል፣ የአንድ ቤቱ ይወርዳል። በዚህ ብቻ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ያልቅልሻል።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው የግድግዳ ካላንደር ነው። ሚካኤል በ12፣ ገብርኤል በ19 የሚለውን ተይው፣ ክፍልሽ ውስጥ የሁሉም ቤት ልጅ አለ። ካላንደሩ ግን የሁላችንም ነው። ዘንድሮ መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። ጥቅምት 1 ቅዳሜ። ኅዳር 1 ሰኞ። ታኅሣሥ 1 በምን ይውላል? ረቡዕ ይሉሻል፣ አንድ ቀን እየዘለለ ነዋ። ለምን ሁለት ሁለት ቀን ገፋ? እዚህ ላይ ታገሺ። ወራችን 30 ቀን ነው፤ 4 ሳምንት 28 ይሆንና 2 ይተርፋል። የፈረንጅ ወር አንዴ 30፣ አንዴ 31፣ አንዴ 28 ስለሆነ ለዚህ አይመችም። የኛ ለሂሳብ አስተማሪ የተሠራ ነው የሚመስለው። ቀጥሉ ብትያቸው አርብ፣ እሁድ፣ ማክሰኞ ብለው ሚያዝያ 1 ላይ ተመልሰው ሐሙስ ይገባሉ። ሰባቱም ቀን ተዳርሶ ማለት ነው። ጳጉሜን ግን 30 ስላልሆነች ለብቻዋ ያዢያት።

ጎበዝ ጎበዞቹ ቶሎ ጨርሰው ሲረብሹሽ ዓመቱን ስጫቸው። መስከረም 1 በ2016 ማክሰኞ፣ በ2017 ረቡዕ፣ በ2018 ሐሙስ ነበር። 2019 አርብ ነው። 2020ስ? ሁሉም ቅዳሜ ብለው እጃቸውን ያወጣሉ። እሁድ ነው! 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፣ አንድ ቀን ትገፋለች። ቀድመሽ አትንገሪያቸው። ቤታቸው ሄደው አያቶቻቸውን ይጠይቁ። ሲመለሱ ደግሞ 2011፣ 2015፣ 2019 ብለሽ የሉቃስን ዓመታት ጻፊና ቀጣዩን ጠይቂ። እዚህ ላይ በ4 እየጨመሩ መቀጠል ይችላሉ፣ ምክንያቱን አሁን ያውቁታላ።

ዳይሬክተሩ «ምዕራፉን ጨርሺ» እያለ እንደሚያጣድፍሽ ነግረሽኛል። ቢያጣድፍም ይቺን ምዕራፍ አትሩጪባት። ሌላ ቦታ ታካክሺዋለሽ።

እናትሽ በርበሬ አዘጋጅታለች፣ እሁድ መጥተሽ ውሰጂ። ስትመጪ ያን የ7ቱን ልጅ ወረቀት ይዘሽልኝ ነይ፤ ሌሎቹን ጥያቄዎች እንዴት እንደሠራቸው ማየት እፈልጋለሁ።

አባትሽ