ለቡሊት ለደረሳችሁላት ሁሉ

ከትናንት ወዲያ ጠዋት ቡሊት በሦስት እግሯ መደቡ ላይ ወጥታ የአባቴ አጎዛ ላይ ተጠቅልላ ተኛች። ማንም አላወጣትም። እናቴ በእልልታ ግቢውን ስታናውጠው «ምን ተገኘ?» እያላችሁ የሮጣችሁ የሆጤ ጎረቤቶቼ የሆነውን በዓይናችሁ አይታችኋል። ላላያችሁት፣ ከሩቅ ሆናችሁ በስልክ ስትጠይቁን ለሰነበታችሁትም ይኸው በጽሑፍ ላመስግናችሁ። በየቤታችሁ ዞሬ ልጨርሰው አልቻልኩም።

ነገሩን ለማታውቁ፣ ቡሊት የእናቴ ድመት ናት። አባቴ ካረፈ ጀምሮ እናቴ ማታ ማታ የምታወራው ከእሷ ጋር ነው። የደሴን የታኅሣሥ ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ጋቢ አይመልሰውም። ታኅሣሥ 6 ሌሊት ቡሊት ሙቀት ፍለጋ በራችን ላይ የቆመ ፒክአፕ ሞተር ውስጥ ገብታ ተኝታ ኖሯል። ንጋት ላይ መኪናው ለኮምቦልቻ መንገድ ሲነሳ ቺንጋው የግራ የኋላ እግሯን ያዛት።

ወንድሜ ሹፌሩ፣ ከአንተ ልጀምር። ጩኸቷን ስትሰማ ሞተሩን አጥፍተህ፣ ኮፈኑን ከፍተህ፣ በጃኬትህ ጠቅልለህ ያወጣሃት አንተ ነህ። እጅህን ነክሳህ እየደማህ እንኳ አልለቀቅካትም። የእንስሳት ሐኪሙ «የድመት ንክሻ ቀላል አይደለም፣ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠበው፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ሂድ» እስኪሉህ ድረስ ስለ ራስህ አላሰብክም። ጭነትህን ትተህ ከሰዓት እናቴ ፊት ቆመህ «እማማ፣ የጎዳኋት እኔ ነኝ» ስትል ዓይንህ እንባ አቅርሮ ነበር። እሷ ያኔም አልተቀየመችህም፤ ዛሬም «ልጄ» ነው የምትልህ።

ያን ዕለት ቁስሏ ታጥቦ በፋሻ ታሰረላትና እግሩ ይተርፍ እንደሆነ ሁለት ቀን እንድንጠብቅ ተነገረን። ሌሊቱን ስታቃስት መቋቋም አቃተኝና ፋርማሲ ሮጬ ፓራሲታሞል ጠየቅኩ። እህቴ ፋርማሲስቷ፣ «ለማን ነው?» ብለሽ ባትጠይቂኝ ኖሮ ቡሊትን በገዛ እጄ ገድያት ነበር። ለካ የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት መበተን አይችልም፤ ደሟ አየር መሸከም ያቅተዋል፣ አንዷ ፍሬ እንኳ ልትገድላት ትችላለች። መድኃኒቱን ወደ መደርደሪያው መልሰሽ፣ በሩን ዘግተሽ፣ ሐኪሙ ጋ እስክደውል አብረሽኝ ቆመሻል። እሳቸውም ለድመት የሚሆነውን ማስታገሻ በልኳ ሰጡኝ።

ዶክተር፣ የእርስዎ ክሊኒክ የሚያየው ላምና በግ፣ አህያና በቅሎ ነው። ድመት ይዤ ስገባ ግን እንደ ሌላው በሽተኛ ተቀበሉኝ። (ከዚያ በፊት አንድ ቦታ «ለድመት ብለሽ ነው?» ተብዬ ተመልሼ ነበር፤ ይህን ያነሳሁት የእርስዎን ለማመስገን ብቻ ነው።) ታኅሣሥ 8 ጣቶቿን ቆነጠጡ፣ አልተሰማትም። መዳፏ ቀዝቅዞ ጠቁሯል። «እባክዎ ከጉልበቷ በታች ብቻ ይቁረጡልኝ» ብዬ ስለምንዎት አልተቆጡኝም። ጉማጅ ቢቀር ድመቷ ልትረግጥበት ትሞክራለች፣ ከመሬት ጋር እየተጋጨ ይቆስላል፣ ስለዚህ ከጭኗ ወደ ላይ ነው የሚቆረጠው ብለው በወረቀት ላይ ሥለው አሳዩኝ። ማደንዘዣው የሚለካው በክብደቷ ስለነበር፣ የእርስዎ ሚዛን ደግሞ ለበግ እንጂ ለእሷ ስለማይሆን፣ ባለሱቁ ወንድማችን የቡና ሚዛኑን ከነእቃው ተሸክሞ መጣ። 3 ኪሎ ከ200 ግራም። ያን ቁጥር አልረሳውም።

እቴቴ፣ የእርስዎን እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ጊዜው የነቢያት ጾም ነው። በቤታችን ሥጋ የለም፤ ቢላውም መክተፊያውም ለጾም ታጥቦ ተቀምጧል። ሐኪሙ ደግሞ ድመት ያለ ሥጋ አትሆንም፣ ሁለት ሦስት ቀን ምንም ካልቀመሰች ጉበቷ ይታወካል ብለውናል። እናቴ ስታመነታ እርስዎ ከአጥሩ ማዶ ሰምተው ኖሮ ማታ በሰሃን የተከተፈ ጉበት ይዘው መጡ። «የጾም ዕቃሽን አትንኪ። እኔ ቤት ከትፌዋለሁ፣ ሰሃኑንም እኔው እወስደዋለሁ» አሏት። ለዚያ ቀን ብቻ መስሎን ነበር። እስከ ገና ዋዜማ አንዲት ምሽት አላጓደሉም፤ አንድ ቀን ቀይ ሥጋ፣ አንድ ቀን ዶሮ፣ ሁልጊዜም ለብ ብሎ፣ ሽታው እንዲጠራት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሦስተኛው ቀን እንኳ አፏን አልከፈተችም ነበር። እርስዎ መሬት ላይ ቁጭ ብለው በጣትዎ ጫፍ ቆንጠር አድርገው ከንፈሯን ቀቡላት። ላሰችው። «ቢስሚላህ በይ እንጂ» አሏት። እናቴ ከጎንዎ ሆና በስመ አብ አለችላት። ባለቤትዎም በር ላይ ቆመው «አብሽሩ! የነቢዩ ባልደረባ አቡ ሁረይራ፣ ስሙ እኮ የድመት አባት ማለት ነው» ብለው ዱአ አደረጉላት። ከዚያ በኋላ መብላት አላቆመችም።

ጫማ ሰፊው ወንድሜ፣ ስፌቷን እንዳትልስ ከአሮጌ የራጅ ፊልም አንገቷ ላይ የሚጠልቅ ቀፎ ሠራህላት፤ ጠርዙን በፍላኔል ከፈፍከው። ገንዘብ ስሰጥህ እጅህን ወደ ኋላ አደረግክ። የግቢያችን ልጆች፣ ሊሾው ያንሸራትታት ስለነበር ከየቤታችሁ ጆንያና ቁራጭ ምንጣፍ አምጥታችሁ ወለሉን ሸፈናችሁት፤ አሸዋ ቁስሏ ላይ እንዳይጣበቅም ለመጸዳጃዋ ጋዜጣ ስትቀዳድዱ ዋላችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። ለመዞር ስትሞክር በግራዋ ትወድቅና እግሯ የነበረበትን ቦታ ዞራ ታሸተዋለች። እናቴ ልታቅፋት ስትሮጥ «ይተዉአት፣ ትማረው» ያሏት ሐኪሙ ናቸው። እውነትም በሳምንቱ ጅራቷን እንደ ሚዛን ዘርግታ መሄድ ጀመረች። ታኅሣሥ 22 ክሩ ወጣ። አሁን ፀጉሯ በቅሎ ጠባሳውን ሊሸፍነው ነው። እንዳትወፍር ብቻ ተጠንቀቁ ተብለናል፣ ሸክሙ ሁሉ በሦስቱ ላይ ነውና።

አንድ ነገር ቀርቷታል። የግራ ጆሮዋን ሲበላት አንገቷን ታዘነብላለች፣ ዳሌዋ ላይ የቀረው ጡንቻ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፣ የሚደርስ እግር ግን የለም። እናቴ ይህን ካየች ወዲህ እንዝርቷን አስቀምጣ በጣቷ ታክላታለች። ጡንቻው እስኪያርፍ ድረስ።

መኪና ያላችሁ የደሴ ሰዎች፣ በብርዱ ወራት ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ኮፈኑን መታ መታ አድርጉልን። ሹፌሩ ወንድሜ ይኸው በየማለዳው ሦስቴ መትቶ፣ ትንሽ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ከሥር አይቶ ነው የሚነሳው። እናቴ ከአልጋዋ ሆና ስትሰማው «በሰላም ግባ ልጄ» ትላለች።

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን።

ከእናቴና ከቡሊት ጋር፣
ደሴ፣ ሆጤ