የእናትህ ቀለበት

ልጄ አቡሽ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፤ ከእኔ ቁርጥማት በቀር።

እህትህ ነገረችኝ። አትቆጣት፤ አስጨንቄ ነው ያወጣጣኋት። የሁለት ወር ኪራይ በቤቲንግ ተበልተሃል። «በአንድ ጨዋታ ነው የተቃጠለብኝ» አልካት አሉ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ይህን ልስማ? በአንድ ትኬት አስር ጨዋታ መርጠህ እያንዳንዱ ከ100 70 ዕድል ቢኖረው፣ አስሩም አብረው የሚገቡበት ዕድል ከ100 3 አይሞላም። «በአንድ ጨዋታ» ክፉ አጋጣሚ አይደለም። የትኬቱ ጠባይ ነው።

ለማስመለስ ብለህ አትጫወት። የሄደው ሄዷል።

እናትህ ለምን ቀለበት እንደማታደርግ ትጠይቅ ነበር። «ልብስ ሳጥብ ቦርከና ወንዝ ወሰደብኝ» ትልሃለች። ለጎረቤቱም ያለችው ይህንኑ ነው። የወሰድኩት እኔ ነኝ።

በ1987 ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ አንድ ጓሮ ውስጥ፣ በየቅዳሜው ካርታ እንጫወት ነበር። አንድ የፊዚክስ አስተማሪ አብሮን ይቀመጣል። አስር ብር ይዞ ይመጣል፤ አስሯ ስትበላ ይነሳል። ፈሪ እለው ነበር። አንድ ቀን እንዴት መነሳት እንደሚችል ጠየቅኩት። «ራበኝ» አለኝ። በቃ! ለእሱ አስሯ ብር የቡና ዋጋ ናት፤ ጠጥቶ ወጣ። ለእኔ ግን ካርታው ባለዕዳዬ ነበር። ሳይከፍለኝ እንዴት ልነሳ? መጀመሪያ ደሞዜ ሄደ። ቀጥሎ ቀለበቱን አስያዝኩ። ያን ሌሊት ያስመለስኩት የጠጣሁትን አረቄ ብቻ ነው።

እናትህ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

ስለዚህ ለማስመለስ አትጫወት እልሃለሁ። መተግበሪያውን ዛሬውኑ ከስልክህ አጥፋ። የቴሌብርህ የሚስጥር ቁጥር ከእህትህ ጋር ይሁን። የአከራይህን የባንክ ሂሳብ ቁጥር ላክልኝ፤ ኪራዩን ለአከራይህ ለራሷ አስገባለሁ። በአንተ እጅ አያልፍም። ብትቀየመኝም ተቀየመኝ።

እጅህ አልታዘዝ ካለህ አማኑኤል ሆስፒታል ሂድ፤ እህትህ ታስከትልህ። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ የቁማር ሱስን ከበሽታ ቆጥሮታል። እኔ በጊዜዬ ሰው አልጠየቅኩም፤ አፍሬ።

ብርዱ ስለበረታ እናትህ ጋቢ ልካልሃለች፤ መናኸሪያ ሄደህ ተቀበል። ምሳህን ሳትበላ አትዋል። ለማስመለስ ደግሞ፣ ስማኝ ልጄ፣ አንድ ብር እንኳ እንዳትመድብ።

ስትደውል ስለ ቀለበቱ እንዳታነሳባት። በእኛ ቤት አሁንም ቦርከና ነው የወሰደው።

አባትህ