ስድስት ሰዓት ተነድቶ ያልሞላ ባትሪ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ የካምፒንግ ተሳቢው ባትሪ ቶሎ ቶሎ እየወረደ እንዳስቸገረው ጽፎ ነበር። የተሰጠው መልስ «መንገድ ላይ መኪናው ይሞላዋል፤ ካምፕ ላይ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያህል ሞተሩን አስነስታችሁ ተዉት» የሚል ነው። ይህንኑ ምክር እኔም ሰምቼ አምኜበት ነበር። ያ እምነት ምን ላይ እንደጣለን ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ስኳር አለባት። ስንወጣ ኢንሱሊኗ የሚቀመጠው በተሳቢው ትንሽ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። ያን ጊዜ የሦስት ወር መድኃኒት ይዘናል። ተሳቢው ሁለት ወር ቆሞ ስለነበር ባትሪው እንደወረደ አውቃለሁ። ግን ስድስት ሰዓት ልንነዳ ነው። ከመኪናው ወደ ተሳቢው ባትሪ ሽቦ የዘረጋልን ባለሙያም «እስክትደርሱ ጢም ይላል» ብሎኛል። ሌላ ነገር አላሰብኩም።

በሁለተኛው ሌሊት፣ 11 ሰዓት ገደማ ላይ፣ ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ። «ፍሪጁ ድምፅ የለውም» አለች። ተነስቼ ፍሪጁ ውስጥ ያለውን ቴርሞሜትር በስልኬ መብራት አየሁት። 19 ዲግሪ ይላል። ፍሪጁ ቮልቱ ሲወርድበት ራሱን ያጠፋል። መቼ እንደጠፋ ግን ሁለታችንም አናውቅም። ባለቤቴ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እስኪነጋ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ሲነጋ ፋርማሲስት ጋ ደወልን። ከ30 ዲግሪ ስላላለፈ አልተበላሸም፤ ግን ከአሁን በኋላ በአራት ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት ተባልን። የሦስት ወሩ መድኃኒት የአራት ሳምንት ሆኖ ቀረ።

ቤት እንደገባን ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዤ ወረድኩ። ሞተሩን አስነሳሁ፣ ፍሪጁንም አበራሁ። የመኪናው ባትሪ ጫፎች ላይ ስለካ 14.2 ቮልት። ጥሩ ነው። ወደ ተሳቢው ባትሪ ሄጄ ስለካ 12.9። 1.3 ቮልት የት ገባ?

ሽቦው ውስጥ ነው የቀረው። የተዘረጋልን ሽቦ ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ከኮፈኑ ሥር ተነስቶ ተሳቢው ባትሪ ድረስ 9 ሜትር ይጓዛል። ኤሌክትሪክ መመለሻም ስለሚያስፈልገው 18 ሜትር ብላችሁ ቁጠሩት። እንዲህ ያለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በዚህ ርቀት 0.12 ኦም ገደማ ይቋቋማል። 10 አምፔር ሲያልፍበት 1.2 ቮልት መንገድ ላይ ይበላል ማለት ነው። የቀረችውን አንድ አሥረኛ ደግሞ መኪናውንና ተሳቢውን የሚያገናኘው ስፒና ላይ አገኘኋት። ፈትቼ ሳየው አንዷ ፒን አረንጓዴ ዝገት ለብሳለች፤ በጥፍሬ ስፍቃት ዱቄት ሆና ረገፈች።

ከ10 አምፔሩ ደግሞ ግማሽ ያህሉን የሚወስደው ፍሪጁ ነው። ለባትሪው የሚተርፈው 5 ያህል ነው፤ እሱም እየቀነሰ ይሄዳል። የተለመደው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በደንብ እንዲሞላ 14.4 ገደማ ቮልት ይፈልጋል። በ12.9 ትንሽ ይቀምሳል እንጂ አይጠግብም። ዳሽቦርዱ 14.2 ቢያሳይም የሚያወራው ስለ ራሱ ባትሪ ነው፤ ከኋላ ያለው ምን እንደደረሰው አያውቅም።

ስለዚህ ለጠያቂው አንባቢ የምለው ይህን ነው፦ ባትሪ ለመቀየር ከመሮጥህ በፊት ሞተሩ እየሠራ ሁለቱም ጋ ለካ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ጥፋቱ የባትሪው ላይሆን ይችላል። የባትሪውን ልክ ማወቅ ከፈለግህ ደግሞ ሁሉን ነገር አጥፍተህ ጥቂት ሰዓት አሳርፈውና ለካው። 12.7 ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ከዚያ በታች አውርዶ ማሰንበት ባትሪ ይገድላል። ሰልፌት የሚባለው ጨው ባትሪው ውስጥ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ይጠነክርና በኋላ ቻርጅ ብታደርገውም አይለቅም። የእኔው ባትሪ እንደዚያ ሆኖ ነው የተጣለው።

እኔ ያደረግሁት ቀላል ነው። ሽቦውን በ16 ካሬ ሚሊሜትር ቀየርኩ። በዚሁ ርቀት በ10 አምፔር የሚጠፋው አሁን 0.2 ቮልት አይሞላም። በሁለቱም ጫፍ፣ ባትሪዎቹ አጠገብ፣ ፊውዝ አስገባሁ። በሁለቱም በኩል ባትሪ ስላለ ሽቦው መሐል ላይ ቢላጥ እሳት ከሁለቱም ወገን ሊመጣ ይችላልና ይህን ማንም አይዝለለው። ቀጥሎ ዲሲ ቱ ዲሲ የሚሉትን ቻርጀር ተሳቢው ባትሪ አጠገብ ገጠምኩ። የመጣለትን ቮልት ተቀብሎ ባትሪው ወደሚፈልገው ከፍ ያደርግለታል፤ ሲሞላም ይቀንሳል። አዳዲስ መኪኖች ላይ ያለው ዲናሞ (ሞተሩ ሲሠራ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው) የመኪናው ባትሪ ሲሞላ ነዳጅ ለመቆጠብ ቮልቱን ዝቅ ስለሚያደርግ፣ እዚያ ላይ እንዲህ ዓይነት ቻርጀር ካልተገጠመ ተስፋ የለም። ሊቲየም ባትሪ ላለውም እንደዚያው ነው፤ ሊቲየም የተሰጠውን ሁሉ ስለሚስብ ዲናሞውን ሊያግለው ይችላል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ደግሞ ሊቲየም ቻርጅ አይደረግም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ቻርጀሩን በቀጭኑ ሽቦ ላይ መግጠም መፍትሔ አይደለም። የሚመጣለት ቮልት ባነሰ ቁጥር የሚስበው አምፔር ይጨምራል፤ ሽቦው ይግላል። መጀመሪያ ሽቦው።

ካምፕ ላይ ሞተር አስነስቶ ስለመተው፣ እባካችሁ ይህን ምክር አትድገሙት። በሚኒሞ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) ዲናሞው ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም። 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ (ለምሳሌ 5 አምፔርን ለ20 ሰዓት የሚሰጥ ማለት ነው) ግማሹ ካለቀ 50 መመለስ አለበት። በእኔ በድሮው ሽቦ፣ በ5 አምፔር፣ አሥር ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ምን ያደርግለታል? ጥሩ ሽቦ ቢኖርም እንኳ የመጨረሻዋ 20 ፐርሰንት ብቻዋን ሰዓታት ትፈጃለች። ጭሱ ደግሞ ሰው የተኛበት ተሳቢ ውስጥ ይገባል፤ ይሄ ነገር ሰው ይገድላል።

ቆማችሁ የምትሰነብቱ ከሆነ ሶላር ነው የሚያዋጣው። 100 ዋት ፓነል በጥሩ ፀሐይ 5 አምፔር ያህል ይሰጣል፤ በቀን 25 ወይም 30 አምፔር ሰዓት ቢያስገባ ነው። የእኛ ፍሪጅ እየበራ እየጠፋ ስለሚሠራ በቀን ወደ 48 ይበላል። ስለዚህ ሁለት ፓነል ይዘናል። ተሳቢውን ጥላ ሥር እናቆመውና ፓነሎቹን ፀሐይ ወዳለበት እናወጣቸዋለን። ፓነሉ ላይ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ ቢያርፍ ብዙ ይቀንሳልና። የሶላሩንም መቆጣጠሪያ የምናስቀምጠው ባትሪው አጠገብ ነው፤ እዚህም የሽቦ ርቀት ቮልት ይበላል።

አሁን ባለቤቴ ራሷ ትለካለች። ቴስተሩ ከኢንሱሊኑ ሳጥን ጎን ነው የሚቀመጠው። ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን በእስክሪብቶ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፤ አጠገቡ የፍሪጁን ዲግሪ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም ለርቀቱና ለአምፔሩ የሚስማማውን የሽቦ ውፍረት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አውጡልን። ሩብ ገጽ ይበቃዋል። አንባቢ ቆርጦ ተሳቢው በር ላይ ሊለጥፈው ይችላል።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ