ነጩን ሽቦ አደራ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ካራቫን (ተጎታች ቤት) ለመጎተት መኪናዬ ላይ መጎተቻ ሳስገጥም ሐሳቤ ሁሉ ብረቱ ላይ ነበር። ብረቱ ጥሩ ተገጥሟል። ብሎኖቹ ሻንሲው ላይ ጥብቅ ብለዋል፤ ካራቫኑ የሚያያዝበት ኳስም የተለመደው 50 ሚሊሜትር ነው። ያስቸገረኝ የካራቫኑ መብራት የሚሰካበት ሶኬት ነው።

ማታ ፍሬን ስይዝ የካራቫኑ መብራት ይደበዝዛል። ፍሬቻ ሳበራ ደግሞ ሌሎቹም መብራቶች አብረው ብልጭ ድርግም ይላሉ። ከኋላዬ ያለው ሹፌር ወዴት እንደምታጠፍ በምን ይወቅ? አምፖል ቀየርኩ፣ ፊውዝ አየሁ፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ሶኬቱን ፈታሁት። በባለ 7 ቀዳዳው ሶኬት 3ኛው ቀዳዳ ላይ የሚገባው ነጭ ሽቦ፣ ማለትም ማሳው (የመብራቶቹ ሁሉ የጋራ የኤሌክትሪክ መመለሻ)፣ የታሰረው ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ነው፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቀለሙን ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ፍቄ መልሼ አሰርኩት። መብራቱ ወዲያው ፏ አለ።

መጎተቻ የምትገጥሙ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ቀለሙን ፍቃችሁ እሰሩ። ባለመኪናም ካራቫኑን ሰክቶ፣ ከኋላ ሰው አቁሞ፣ የፍሬን መብራቱንና ሁለቱንም ፍሬቻዎች አንድ በአንድ ሳያስፈትሽ ከጋራዥ አይውጣ። እኔ ሳላስፈትሽ ወጣሁ። ያን ማታ ልጆቼ ከኋላ ወንበር ተኝተው ነበር።

የዘወትር አንባቢያችሁ